የላይኛው ይሁን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ሳገለግል ነው። በሠላሳ አንድ የአገልግሎት ዓመቴ በእጄ ካለፉት ወረቀቶች አንድም አልጠፋም፤ አንድም ዘግይቶ አልደረሰም። ይህን ስናገር ዛሬም አላፍርም። አሁን የምጽፍለት ወረቀትም አልጠፋም፤ በሰዓቱም ደርሷል። ከአእምሮዬ ያልወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ አንዱ ወረቀት ጠፍቶ በሆነ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

የባለቤቴ የአስቴር ታናሽ ወንድም ኤልያስ በመሥሪያ ቤታችን የሰብል ጥበቃ ረዳት ነበር። ከጫኖ እስከ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ያለውን ማሳ በእግሩ እየዞረ ስለ ተባይ መረጃ ይሰበስባል። በአንድ ዓመት የግሪሳ ወፍ በማሽላው ላይ በወረደ ጊዜ፣ መድኃኒት የሚረጭ ሄሊኮፕተር ከአዲስ አበባ ተላከልን። ኤልያስ ማሳውን ለአብራሪው እንዲያሳይ ተመድቦ ለአምስት ቀናት አብሮት በረረ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቤታችን ምሳ ሲበላ እንኳ ጉርሻውን እንደያዘ እጁን ከትሪው በላይ አንሥቶ፣ ሄሊኮፕተር ሳይሄድ ሳይወርድ አየር ላይ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ያሳየናል።

«አንተ አብራሪ» ትለዋለች እኅቱ፤ «መጀመሪያ ትሪው ላይ እረፍና ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

በዓመቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወረደ። ከሠራተኞች መካከል ወጣቶች ተወዳድረው፣ ያለፉት በሄሊኮፕተር አብራሪነት እንዲሠለጥኑ ታዟል። ኤልያስ የጽሑፍ ፈተናውንም የጤና ምርመራውንም አለፈ። ከክፍለ ሀገራችን ያለፈው እሱ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን መዝግቤ ቁጥር የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

ቀጥሎ የመጣው የምርጫ ቅጽ ነው። ሁለት የማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሌላው በታች ተጽፈውበታል፤ በእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን አለች። በላይኛው መስመር ያለው ባሕር ማዶ የሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። አራት ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ነው፤ ሠልጣኙ እስኪጨርስ ድረስ ለዕረፍትም ሆነ ለሐዘን ወደ አገር ቤት መምጣት አይፈቀድለትም። በታችኛው መስመር ያለው አዲስ አበባ አቅራቢያ ሲሆን ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ያለው ማሠልጠኛ ሄሊኮፕተር ግን ጥቂት ነው፤ አንዱ ከተበላሸ መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ ሠልጣኞች መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ ይባል ነበር።

እኔ እንደ ልማዴ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። የሥልጠናው ዘመን፣ የበረራው ሰዓት፣ የሄሊኮፕተሩ ዓይነት፣ የምስክር ወረቀቱ ተቀባይነት፣ ከተመረቁ በኋላ የሚሰጠው ደረጃ፤ አንዱንም አላስቀረሁም። ከአምስቱ በአራቱ የባሕር ማዶው በለጠ። ኤልያስ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበበው።

«ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ። «እናቴን የትኛው ዓምድ ላይ ነው የጻፏት?»

ሠንጠረዡን መልሼ ተቀብዬ አጠፍኩት። አማቴ በቦንኬ ደጋ የሚኖሩ፣ ባላቸውን በሞት ያጡ ሴት ናቸው። ልባቸው ደካማ ስለነበር ከአልጋ የማይነሡባቸው ሳምንታት ነበሩ። ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። ኤልያስ የእሳቸውን ቃል ሳይሰማ ሣጥኗ ላይ ምንም እንደማያደርግ ነገረኝ። ልክ ነበር።

ቅጹ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚነሣው አውሮፕላን፣ በመሥሪያ ቤታችን የፖስታ ከረጢት መሄድ ነበረበት። ኤልያስ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ወደ ቦንኬዋ ገረሴ ከተማ በሚወጣ የጭነት መኪና ሊሳፈር ሲል ቢሮዬ ጎራ አለና ቅጹን ሰጠኝ። ፈርሞበታል። ሁለቱ ሣጥኖች ግን ባዶ ናቸው።

«እስከ ሰኞ እመለሳለሁ። ዝናቡ መንገዱን ከቆረጠው በሰው እልካለሁ፤ ምልክቷን እርስዎ ያድርጉልኝ።»

በቅጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ አለ፦ ምርጫው ሳይሞላ የተፈረመ ቅጽ ዋጋ የለውም፤ አመልካቹም ይሰረዛል። አንብቤዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ቅጽ ቢያመጣልኝ አልቀበለውም ነበር። ይህን የተቀበልኩት ኤልያስ የባለቤቴ ወንድም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። በእኔ እጅ ያለ ወረቀት ምን ይሆናል? መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ዓርብና ቅዳሜ ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ወረደ። ሰኞ ጠዋት ከገረሴ አንድም መኪና አልመጣም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰች ሴት በቢሮዬ በር ብቅ አለች። የኤልያስ እናት ጎረቤት፣ ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ማርታ ናት። እሑድ ማለዳ በእግሯ ተነሥታ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድራ መምጣቷ ነው።

ወዲያው በጋሞኛ ሰላምታዋን ጀመረች። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ቀና ብለው አዩን። እኔም የደጋው ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ከእሷ ቀዬ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። በቢሮ ውስጥ ግን ጉዳይ በአማርኛ ብቻ እንዲነገር የማደርግ ሰው ነበርኩ። ይህን እንደ ሥርዓት አክባሪነት እቆጥረው ነበር።

«ማርታ፣ ቢሮ ነው፤ በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት።

ሳቀች። «እሺ ጋሼ ደሳለኝ። አማርኛዬን ዝናብ መታው እንጂ ይኖራል።» ከቅርጫቷ ውስጥ፣ በኮባ ቅጠል ከተጠቀለለው ቅቤ ሥር አንድ እጥፋት ወረቀት አወጣችና፣ ወንዱን በሴት ሴቷን በወንድ እየጠራች ነገረችኝ። «ኤልያስ ደህና ናት። እናቷ ግን ደከመ፤ ትታ መውረድ አልቻለችም። ይኼን ጻፈች። ዝናብ እንዳይነካው ቅቤ ውስጥ ደበቅኩት።»

ዝናብ አልነካውም። ቅቤው ግን እስከ ጫፉ አርሶታል። የእስክሪብቶው ቀለም ተሟሟቶ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ «ጋሼ» የሚለውን፣ መጨረሻ ላይ ስሙን ለየሁ። ሌላው አይነበብም። በመዝገብ ቤት ደንብ የማይነበብ ሰነድ ሥራ አይሠራበትም፤ ስለዚህ ወደ ጎን አስቀመጥኩት።

«ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቂያለሽ?»

«ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ከእናቷ ጋር ስለ ሁለቱ ትምህርት ቤት ሲያወሩ ሰማሁ። መጨረሻ ላይ የላይኛው ይሁን ተባለ።»

«የላይኛው?»

«የላይኛው።»

«እርግጠኛ ነሽ? የታችኛው አላለም?»

«ጋሼ፣ የታችኛው እንዳይሆን ብላ እናቷ አልቅሷል!»

ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየኋትና የላይኛውን መስመር በጣቴ ነካሁ። «ይህ ነው?»

«እኔ በመሠረተ ትምህርት ገና ‹ሀ› ላይ ነኝ» አለች እየሳቀች። «ላይኛው እሱ ከሆነ እሱ ነው።»

ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስት ጊዜ አንድ መልስ አገኘሁ። አንድ ምስክር ከዚህ በላይ ምን ሊናገር ይችላል? እውነቱን ለመናገር፣ መልሱ ከሠንጠረዤ ጋር መስማማቱም ደስ አሰኝቶኛል። ምናልባት ጆሮዬ የሰማው መስማት የፈለገውን ይሆናል። ቤቴ ከቢሮው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አስቴርም ያን ቀን ቤት ነበረች። ሄጄ አልጠየቅኳትም፤ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም። በላይኛዋ ሣጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት አደረግሁ፤ ጫፎቹ ከመስመሩ አልወጡም። ቅጹን በፖስታ አሽጌ፣ ማኅተም መትቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሴቻ ሰፈር ባለው ቢሯችን መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ አውሮፕላኑ ከሜዳው ተነሥቶ በአባያ ላይ ሲዞር አየሁት። ሥራው በሰዓቱ እንደተሠራለት ሰው ነበር ስሜቴ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ ለአስቴር ነገርኳት። ኮቴን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። የያዘችውን የልጅ ልብስ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ማርታ ናት የላይኛው ያለችው?»

«አዎ። ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኳት።»

«እናቴ ናታ ያለችው! ቅጹን መቼ አይታ? ደሳለኝ፣ እናቴ ስለ መስመር ምን ታውቃለች?»

ያን ጊዜ እንደ መብረቅ ሳይሆን እንደ ብርድ፣ ከእግሬ ጀምሮ ገባኝ። በእኛ አገር «ላይ» ማለት ደጋው ነው፤ «ታች» ማለት ቆላው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይወጣል እንጂ አይወርድም። ባሕር ደግሞ ከቆላውም በታች ነው፤ ውኃ ሁሉ የሚወርደው ወደዚያ አይደለም? ኤልያስ ለእናቱ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ሲያስረዳ፣ አንዱ እላይ፣ ሌላው ከሐይቁም ከቆላውም ወዲያ ታች፣ ባሕር ማዶ ነው ብሏቸዋል። በዚያ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ስማቸው ይኸው ነበር። ማርታ አንዲት ቃል አልሳተችም። በጋሞኛ ልትነግረኝ ስትጀምር ዝም ብዬ ብሰማት ኖሮ፣ እኔም አልስትም ነበር።

አስቴር በቅቤ የራሰውን ወረቀት ከኪሴ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። የምሽቱ ፀሐይ ገና አልገባችም። ወረቀቱን ከመስተዋቱ ጋር ስትለጥፈው ቅቤው እንደ ብርጭቆ አሳላፊ አድርጎት ነበር። ቀለሙ ቢሟሟም ኤልያስ እስክሪብቶ ተጭኖ ይጽፍ ስለነበር፣ የብዕሩ ስርጉድ በብርሃኑ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። አስቴር ድምፅዋን ሳታነሣ አነበበችው፦ «የአገር ቤቱን ያድርጉልኝ። እናቴን አራት ዓመት ጥያት አልሄድም።»

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከጀርባዬ ደግሞ መስኮት አለ።

«ላይ የት እንደሆነ ለማወቅ ማኅተም ይፈልጋል እንዴ!» አለች አስቴር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ቤት ሄድኩ። የአዲስ አበባው መስመር በዝናቡ ተበጥሷል። «ጋሼ፣ ቢቆሙም ቢቀመጡም መስመር የለም» አለችኝ ኦፕሬተሯ። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተገናኘሁት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። በዋናው መሥሪያ ቤት የሥልጠና ጉዳይ የያዘውን ሰው አገኘሁ። ድምፁ ለስላሳና ጨዋ ነበር።

«ጓድ፣ ቅጹ ደርሶናል፤ በጥሩ ሁኔታ ተሞልቷል» አለኝ። «ችግሩ ምንድን ነው?»

«አመልካቹ ምርጫውን ሊለውጥ ይፈልጋል።»

«ፊርማው የራሱ አይደለም?»

«የራሱ ነው።»

«ምልክቱስ?»

መስመሩ ሲያንሾካሾክ ይሰማኛል። ምልክቱ የእኔ ነው ብል፣ ኤልያስ በባዶ ቅጽ ላይ ፈርሟል ማለት ነው፤ ስሙ ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች ይሰረዛል። የራሱ ነው ብል ደግሞ የሚለወጥ ነገር የለም። በየትኛውም በኩል መውጫ አልነበረውም፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

«የራሱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ምን ላድርግልዎት ጓድ? አንዴ የተላለፈ ምርጫ እኮ አይለወጥም።»

ስልኩን ዘጋሁ። በመንግሥት ሥራ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኤልያስ ዓርብ ዕለት ወረደ። ቢሮ አላስገባሁትም፤ ወደ ኩልፎ ወንዝ ይዤው ወረድኩና በሙዝ ማሳዎቹ መካከል እየተራመድን ነገርኩት። አልጮኸም። ጭቃ የነካ ጫማውን እያየ ተራመደ።

«እርስዎ ጋ ሲሆን አይሳሳትም ብዬ ነበር የፈረምኩት» አለ በመጨረሻ።

«አዲስ አበባ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ። ቅጣቱ የእኔ ነው።»

«ቅጣቱ የእርስዎ፣ መሰረዙ የእኔ ነዋ! ያን ጊዜ ላይኛውም የለም፣ ታችኛውም የለም።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ይተዉት ጋሼ። እናቴ ካልፈቀደች ሁሉንም እተወዋለሁ። እስቲ እንጠይቃት።»

በሳምንቱ እኔ፣ አስቴርና ኤልያስ አብረን ወደ ቦንኬ ወጣን። አማቴ በአልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ በጋሞኛ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ልጅ እንደሚጠይቁ ሁሉ በለሆሳስ ጠየቁኝ።

«ከደጃችን ወደ ላይ የሚሄደው መንገድ የት ያደርሳል?»

«አዲስ አበባ።»

«ወደ ባሕሩስ እንዴት ነው የሚኬደው?»

«ወደ ታች ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ታውቀዋለህ እኮ» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ገርሟቸው ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ጸለዩ፤ «ሂድ» አሉት። እሱ ሲያቅማማ «ተቀምጠህ የእኔን ትንፋሽ ልትቆጥር ነው?» ብለው ተቆጡት። እዚያ ቤት ውስጥ የማልጠቅመው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ውኃ እንኳ የሚቀዳ ሌላ ሰው ነበር።

ኤልያስ ሄደ። አማቴ በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ። መርዶውን የያዘውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአስቴር እጅ አልታዘዝ ብሏት ነበር። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰን፤ ለሐዘን ፈቃድ ጠይቆ እንዳልተሰጠው በሁለት መስመር ጽፏል። ስለ እኔ ምንም አላለም። ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። የፈለግኩት የወቀሳ ቃል ነበር።

የደርግ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ግሪሳው ተመልሶ መጣ፤ ሄሊኮፕተርም ተላከልን። ጫኖ አቅራቢያ ሜዳ ላይ አርፎ አቧራው ሲሰክን፣ ከአብራሪው ወንበር የወረደው ኤልያስ ነበር። ጎልምሷል፤ ጢም አውጥቷል። ተቃቅፈን ቆየን። ለማሳ ቅኝት ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው መሳፈር ነበረበትና እኔን ወሰደኝ። ከመሬት ተነሥተን የአባያን ቀይ ውኃ ከሥራችን ባደረግን ጊዜ፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ድምፁን ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ወዴት ልውሰድዎት? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?»

እየቀለደ ነበር። ልስቅለት ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም። ያን ቃል ከአፌ ማውጣት ስላልደፈርኩ በእጄ የቦንኬን ተራሮች ጠቆምኩት። እሱም መሳቁን ተወና ወደዚያ ዞረ። ከእናቱ ቤት በላይ ስንደርስ፣ በፊት ትሪያችን ላይ በእጁ ያሳየን እንደነበረው፣ ሳይሄድ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ወደ ላይ አዩን። ከዚያ ቤት ማንም አልወጣም። ቀሪው ነዳጅ ለሥራው ብቻ የሚበቃ ስለነበር ተመለስን።

ዛሬ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ኤልያስ ነገሩን ሳነሣበት «አብራሪ ሆኛለሁ፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ይለኛል። ይቅር ማለቱን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ይቅርታውን የት እንደማኖረው አላውቅም። ሰው «ከላይ ያለውን አቀብለኝ» ሲለኝ «ከየት ሆነው ሲያዩት?» ብዬ ስለምጠይቅ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ያች እጥፋት ወረቀት እኔ ጋ ናት። አልፎ አልፎ ወደ መስኮቱ ይዣት ሄጄ አነባታለሁ። ቅቤው ከደረቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ወረቀቷም ቢጫ ሆናለች። ጽሑፉን ግን በቃሌ ስለያዝኩት ዛሬ ያለ ፀሐይም አነበዋለሁ።